ሰማይ አይተው የገቡበት ባሕር

ጓድ ክፍሉ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ ያገሩ ሰው አብዛኛው አላየም። ነውሩ ሳያየው ስለ እሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማስተማሩ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ አዳራሽ ነው። ፋብሪካው በዓመቱ ኮከብ ብሎ የመረጣቸውን ሠላሳ ሠራተኞች በባቡር ጅቡቲ ወስዶ ሊያስጎበኝ ተነሣ። ሁለት ቀን ከዚያ አገር ሠራተኞች ጋር ስብሰባና ጭብጨባ፣ ሦስተኛውን ቀን የባሕር ዳርቻ መዝናኛ። ሰው ባሕር ላይ እንዳይጎዳ ቀድሞ ትምህርት ይሰጥ የሚል ደብዳቤ ከበላይ ወረደ። ትምህርቱም የፋብሪካው ካድሬ በሆነው በጓድ ክፍሉ እጅ ገባ።

ክፍሉ ከደጋ የመጣ፣ ድሬ ከገባ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ «የባሕር ዳርቻ ደኅንነት» ብሎ ጀመረ። ከቡድን መነጠል አደገኛ ነው አለ። ሠላሳው ሰው በአምስት በአምስት ይከፈላል፤ ከአምስቱ አንዱ ቢጠፋ አራቱ ይጠየቁበታል። ከውጭ ሰው ጋር ማውራት አደገኛ ነው። መርከብ ወደቆመበት መጠጋት አደገኛ ነው። ጅቡቲ ዘመድ ያለው ሰው አሁኑኑ ያስመዝግብ። እየቆየ ሲሄድ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ጓድ ክፍሉ የፈራው ባሕሩ ሰው እንዳይበላበት ሳይሆን ሰው እንዳይኮበልልበት ነው። ስለ ውሃው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨው ስላለበት እንዳትጠጡት አለ። ተጨበጨበለት።

ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው አላጨበጨበም። ሣህሉ ወልደጻድቅ ይባላል። ዕድሜው ስድሳ አራት ነው፤ ሠላሳ ስድስቱን ዓመት ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን የኖረው ጅቡቲ ጣቢያ ነው። ሱማልኛ እንደ አማርኛው ይናገራል፤ ፈረንሳይኛም ለሥራ የሚበቃው ያህል አለው። የተጠራው አስተርጓሚ እንዲሆን ነው። ክፍሉ በዚህ አልተደሰተም፤ ከሠላሳዎቹ ኮከቦች አንዷ በለጠች የሣህሉ ልጅ ነችና። አባትና ልጅ አብረው ድንበር ሲሻገሩ ለካድሬ እንቅልፍ አይሰጥም። ሌላ ቋንቋ የሚያውቅ ስላልተገኘ ግን ዋጠው። የሣህሉ ባለቤት ወለተ ጊዮርጊስ ድሬ ስለምትቀር መያዣ አለን ብሎ ተጽናና። ይህንንም በልቡ አላለውም፤ ሣህሉ ፊት አለው።

ሣህሉ እጁን አነሣ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽ፣ ሁለት ጊዜ እንደሚመለስ፣ የሚመለስበትን ሰዓት ከአገሬው ሳይጠይቁ ርቆ መግባት ሰው እንደሚያስጨርስ ሊናገር ፈልጎ ነበር።

«ጥያቄ ነው አስተያየት?» አለው ክፍሉ።

አስተያየት መሆኑን ተናገረ። አስተያየት በጽሑፍ ነው የሚቀርበው ተባለ። ሣህሉ እጁን አወረደ። መጻፍ ከብዶት አይደለም፤ ማን እንደሚያነበው ስላወቀ ተወው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያሳሰበው የሠላሳው ሰው ነገር አልነበረም። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ራስ አለው፤ ያስብበት። ሣህሉና ወለተ ጊዮርጊስ አምስት ወልደው አራት ቀብረዋል። የቀረቻቸው በለጠች ብቻ ነች። እሷን ይዞ ሄዶ ይዞ መመለስ ነበረበት፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም።

ቤት ሲገቡ አስቀምጦ ነገራት። ጫማሽን ውሃ ውስጥ አታውልቂ፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ አለ። ጀርባሽን ለባሕር አትስጪ። ውሃ ጎትቶ ከወሰደሽ አትታገይው፤ ተንጋለይለትና ወደ ጎን ቅዘፊ፣ ጉልበቱን ሲጨርስ ይተውሻል። ከሁሉም በላይ አሸዋው ደርቋል ብለሽ አትመኚው።

በለጠች ሳቀች። «አባዬ፣ እኔኮ ያደግሁት ደቻቱ ዳር ነው» አለችው።

እሱን ያስፈራው ይኸው ነው።

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ወንዝ ከተባለ። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። ሰው በአሸዋው ላይ ይሻገራል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ግመል ይነዳል፣ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይመጣና ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል፤ ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነውና። ስለዚህ የድሬ ልጅ መራመድ ሲጀምር አንድ ነገር ይማራል፤ አሸዋው ላይ ከመቀመጥህ በፊት ቀና ብለህ ወደ ደንገጎ እይ። ከጠቆረ ውጣ። ከጠራ ተቀመጥ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኦሮሞውም ሱማሌውም ይህን አንድ ነገር አምኖ ይኖራል፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ሣህሉ ግን ይህ እምነት በባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ በሥራ ዘመኑ አይቷል። ሁለት የድሬ ጎረምሶች፣ ሰማዩ ጠርቷል ብለው፣ ባሕሩ ጥሎት በሄደው አሸዋ ላይ እንደተኙ ቀሩ። አስከሬናቸውን በዕቃ ፉርጎ ጭኖ የመለሳቸው እሱ ነው።

ይህንንም ነገራት። አዘነችላቸው። ከዚያ የጉዞ ልብሷን መተኮስ ቀጠለች።

በሦስተኛው ቀን ጧት በጭነት መኪና ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ወዳለ ዳርቻ ወሰዷቸው። ሲደርሱ ባሕሩ አልነበረም። ርቆ ሄዶ ከአድማሱ ሥር እንደ ሰማያዊ ክር ይታያል። ከፊታቸው እርጥብ አሸዋ ብቻ ተዘርግቷል፤ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ኮከቦቹ ሳቁ። ባሕር ባሕር ሲባል የሰማነው ይኸው ነው እንዴ ተባባሉ።

አንድ አዛውንት ሱማሌ ከጀልባው አጠገብ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ሣህሉ ሄዶ በወጉ ሰላምታ አቀረበለት፤ የዘመድ ጤና፣ የከብት ጤና ተጠያየቁ። ስሙ ገዲ ነው። ሣህሉ ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀው። ገዲ ወደ ሠላሳው ሰው አየ፣ ምራቁን ተፋ። ጨረቃ ትናንት ማታ ሙሉ ነበረች አለ፤ እንዲህ ርቆ የሄደ ባሕር ሲመለስ እንደዚያው ነው። ቀትር ሳይሆን ከአሸዋው ውጡ። ደግሞ ከፊት ነው የሚመጣው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከኋላችሁ ነው የሚመጣው። በእጁም አሳየው። መሐል ላይ ሰፊ የአሸዋ ጉብታ አለ። በጉብታውና በዳርቻው መካከል ደግሞ ዝቅ ያለ ቦይ ይሄዳል። ውሃው መጀመሪያ የሚሞላው ቦዩን ነው። ጉብታው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ደረቅ እንደሆነ ይከበባል።

ሣህሉ ሲመለስ ጓድ ክፍሉ የመዝናኛውን ቦታ መርጦ ጨርሷል። ጉብታውን ነበር የመረጠው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳርቻው ላይ ወደ ከተማ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ሻይ ቤት አለ፤ መኪና ያልፋል። ሰው ለሽንት እንኳ ዞር ቢል የት እንደገባ አይታወቅም። ጉብታው ላይ ግን ዙሪያው ሜዳ ነው፤ አንድ ሰው ቢነሣ ከሩቅ ይታያል። ክፍሉ ቦታውን በጣም ወደደው። ቦዩን ተሻገሩ፤ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ውሃ እንኳ አልነበረበትም። ሰሌን ተነጠፈ። የሩዙ ድስት ተቀመጠ። ክፍሉ ከመሐል ቆሞ በፊሽካ ቡድኖቹን በየቦታቸው አስቀመጠ። ስድስተኛው ቡድን ወደ ባሕሩ በኩል፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። በለጠች ስድስተኛው ውስጥ ነች።

ሣህሉ ቀርቦ ገዲ ያለውን ለክፍሉ ነገረው።

«ማነው ይህን የነገረዎት?»

«ዓሣ አጥማጁ።»

«ከውጭ ሰው ጋር ማውራት ክልክል ነው አላልኩም?»

«አስተርጓሚ ነኝ።»

«ማስተርጎም እኔ ስናገር ነው» አለ ክፍሉ። «እኔ ያልተናገርኩትን እያስተረጎሙ ነው።»

አጠገባቸው የፋብሪካው ሾፌር ዓብዱልአዚዝ በክርኑ ተደግፎ ጫቱን ይቀነጥሳል። ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የድሬ ሰው ብዙውም እንደዚሁ ነው።

«አቦ ጋሼ ሣህሉ፣ አንተ ደግሞ» አለ። «እስቲ ቀና በል። ደመና ታያለህ? ጎርፉን ከየት ልታመጣው ነው?»

«ጎርፍ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ነው የሚመጣው።»

«ባሕሩማ ያው እዚያ ነው» አለ ዓብዱልአዚዝ በጫቱ እንጨት ወደ አድማሱ እየጠቆመ። «ተኝቷል። አንተ ካልቀሰቀስከው አይነሣም።»

ሳቁለት። ክፍሉም ሳቀ፤ ጓድ ዓብዱልአዚዝ ተጨባጩን ሁኔታ በሚገባ ተንትኗል አለ። ከዚያ ሠላሳውም ሰው፣ ሳቁን ሳይጨርስ፣ አንገቱን አቅንቶ ሰማዩን አየ። ሰማዩ የታጠበ ሳህን መስሎ ጠርቷል። ሁሉም ልቡ አረፈ። ሣህሉ ይህን ሲያይ ማስረዳት ፋይዳ እንደሌለው ገባው። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃን ሰማይ ላይ ፈልጎ የኖረ ሰው እግሩ ሥር ቢመጣበትም አያየውም።

ወደ ስድስተኛው ቡድን ሄደ። በለጠች ከጓደኛዋ ከዚነት ጋር ብርቱካን እየላጠች ነው። ጎንበስ ብሎ ተነሽ፣ ከእኔ ጋር ወደ ዳር እንውጣ አላት። ፊቷ ቀላ። በቀስታ መለሰችለት፤ እሷ ብትወጣ ዚነትና ሌሎቹ ሦስቱ እንደሚጠየቁ፣ እሱ ራሱ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ እንደሰማ ነገረችው።

«ውሃው ሲመጣስ?»

«ሲመጣ እናየዋለን፣ አባዬ።»

«አታይውም።»

«ሰው እያየን ነው» አለች። አባቱ አደባባይ ላይ የጃጀበት ሰው የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ ለዚነት ሳቀችላት።

ሣህሉ ቀና አለ። ቦዩን አየ። ከግራ በኩል አንድ ብርማ ነገር እየተሳበ ይገባል፤ ድምፅም የለው፣ አረፋም የለው። ፀሐይዋ ራሱ ላይ ልትደርስ ትንሽ ነው የቀራት።

ልጁን ተሸክሞ መውጣት አይችልም። ቢጮህ ያረጀ ሰው ጮኸ ይባላል። ቢለምን ጽፈህ አቅርብ ይባላል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሊያስነሣቸው የሚችለው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ሞትን አይፈራም፤ የሌላ ሰውን ሞት ማለት ነው። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣህሉ እሱን አንድ ነገር ሊሰጠው ወሰነ።

ኮፍያውን ጫን አድርጎ ወደ መንገዱ መሄድ ጀመረ። ቦዩን ሲሻገር ውሃው ባቱ ጋ ደረሰ። ወጣ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ዞር አለ። ማንም አላየውም። ካድሬው ጀርባውን ሰጥቶ ሩዝ ያካፍላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለ መኮብለል ያስተማረ ሰው፣ አንድ ስድሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ የሚያመው ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ለሜዳ ሲኮበልልበት አላየም።  የሚኮበልል ሰው ዞር ብሎ እጁን አያውለበልብም። ሣህሉ ግን ኮፍያውን አውልቆ አውለበለበ።

ያን ጊዜ ፊሽካው ተነፋ።

ክፍሉ የመጀመሪያው ሐሳቡ ሁለት ጎረምሳ ልኮ ማስያዝ ነበር። ወዲያው ግን ሁለቱም ቢኮበልሉስ አለ። እሱ ራሱ ተከትሎ ቢሮጥ ከኋላ የቀሩት ቢበተኑስ። ስለዚህ አንድ ሰው ለመያዝ ሠላሳውን ሰው ማንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። እንዲያም ሆኖ ሩጡ አላለም፤ በቡድን በቡድን፣ በተራ ውጡ አለ። አንደኛው ቡድን ተቆጥሮ አለፈ። ሁለተኛው ተቆጥሮ አለፈ።

ሣህሉ ይህን እያየ ወደ ኋላው እያማተረ ሄደ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በጣም ከፈጠነ ተስፋ ቆርጠው ይቆማሉ። ከዘገየ ደግሞ ስድስተኛው ሳይወጣ ይይዙታል፤ ከያዙት የቀረው ሰው ተመልሶ ሩዙን ይበላል። አንካሳ ዶሮ ልጆችን እንደምታጫውተው አጫወታቸው። ሦስተኛው ቡድን ሲገባ ውሃው ጉልበት ደረሰ። አራተኛው ሲገባ ወገብ ጋ ሆነ፤ ሴቶቹ መጮኽ ጀመሩ። ክፍሉ ከቦዩ አፋፍ ቆሞ አሁንም ይቆጥራል። ውሃው ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ስም ዝርዝሩን እንደ ታቦት ራሱ ላይ አድርጎ እየተንገዳገደ ከአምስተኛው ጋር ገባ።

ስድስተኛው እጅ ለእጅ ተያይዞ ገባ። ዚነት ወጣች። ሦስቱም ወጡ። በለጠች እግሯ ከዳት፤ እጇ ከዚነት እጅ ሾለከ። ቦዩ አሁን ወንዝ ሆኗል፤ ወደ ጎን ጎትቶ ወሰዳት።

ሣህሉ ኩብለላውን ጣለው። ወደ ውሃው ተመልሶ ሮጠ። ፊት ለፊት ከአንደኛው ቡድን የመጡ ሁለት ጎረምሶች ተቀበሉት፤ ቦይለር ላይ የሚሠሩ፣ ክንዳቸው የበሬ ጭን የሚያህል ኮከቦች ናቸው። እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዙት።

«ልጄ ውሃ ውስጥ ነች» አላቸው።

«አትንቀሳቀስ» አለው አንዱ።

«ወደዚያ እይ።»

«አትንቀሳቀስ አልኩህ፣ አባባ።»

እንዲህ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ያየውን አንድ ሽማግሌ ሁለት ጉልበተኞች ይዘውት ቆሙ፤ ሃያ ሰባቱ ከበው ያዩታል፤ ውሃው የሚወስዳትን ልጅ ያየ አንድም የለም። ዚነት ብቻ ጣቷን ቀስራ ትጮኻለች፤ እሷንም ኮብላዩን የምታሳይ መስሏቸዋል።

ገዲ ግን አይቷል። ረጅም መቅዘፊያውን ይዞ ዳር ዳሩን፣ ከውሃው እኩል፣ ሳይሮጥ ይሄዳል። ሣህሉ በጎረምሶቹ ትከሻ መሐል ልጁን አያት። መጀመሪያ ታገለች፤ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፤ ራሷ ጠለቀ። ሣህሉ አልጮኸም። ቢጮህም አትሰማውም። ከዚያ መታገሏን ተወችው። ተንጋለለች። ፊቷ ወደ ሰማይ ሆኖ ውሃው ወደ ወሰዳት ሄደች፤ ቀስ ብላም በእጇ ወደ ጎን ገፋች። ቦዩ ሰፍቶ በሚሳሳበት ቦታ ገዲ እስከ ደረቱ ገብቶ መቅዘፊያውን ዘረጋላት። ያዘችው።

ጨው ስላለበት እንዳትጠጡት የተባለውን ውሃ በደንብ ጠጥታለች። አሸዋው ላይ ተንበርክካ አወጣችው። ሣህሉ እጁ ተጠምዝዞ እንደተያዘ ይህን ሁሉ አየ፤ ከዚያ በኋላ ስለተጠመዘዘው እጁ ደንታ አልነበረውም።

ሰዎቹ ዞር ያሉት ድስቱ ሲንሳፈፍ ነው። ጉብታው የለም። የተቀመጡበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ይላወሳል፤ ሰሌኖቹ፣ ብርቱካኑ፣ የዓብዱልአዚዝ የጫት እስር አብረው ይዋኛሉ።  ዓብዱልአዚዝ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ቀና አለ። አሁንም ደመና የለም።

ጓድ ክፍሉ ባሕሩን አንድ ጊዜ አየው። ጀርባውን ሰጥቶ ዝርዝሩን ዘረጋ፤ ቆጠረ። ሠላሳ ሞላ። ፊቱ በራ። ከዚያ ወደ ሣህሉ ዞሮ፣ እስከዚያ ጧት እርስዎ ሲለው የነበረውን ሰው፣ «አንተ አጭበርባሪ» አለው።

በመልሱ ባቡር ሣህሉን በሁለቱ ጎረምሶች መሐል አስቀመጡት። ድንበሩን ካለፉ በኋላ ጠባቂዎቹ እንቅልፍ ጣላቸው። በለጠች ውሃ ይዛለት መጣች። የሚነግራትን በሁለት ቃል ነገራት፤ ወረቀት ያቀርቡልሻል፣ ፈርሚ። እንቢ ልትል አፏን ስትከፍት ጎረምሳው ተገላበጠ፤ ሄደች።

ሳምንት ሳይሞላ ያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ክፍሉ ሪፖርቱን አነበበ። አስተርጓሚው በውጭ አገር ለመኮብለል ያደረገው ሙከራ በአመራሩ ንቃት እንደከሸፈ፣ ሠላሳው ሠራተኞች በአንድ ሰው ትእዛዝ፣ በፍጹም ዲሲፕሊን፣ የውሃ መሰናክል አቋርጠው ከሐዲውን በቁጥጥር ሥር እንዳዋሉ ይናገራል። የውሃ መሰናክሉ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከበላይ የመጡ አንድ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ሪፖርት ነው አሉ።

ዓብዱልአዚዝ ከመሐል ተነሣ። ፊቱ ተጨማድዷል።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ነበረ...»

«ጥያቄ ነው አስተያየት?» አለ ክፍሉ።

ዓብዱልአዚዝ አሰበ። አምስት ልጆች አሉት። ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

«ተውኩት» ብሎ ተቀመጠ።

ሣህሉ አልፈረደበትም፤ ይናገርልኛል ብሎም አልጠበቀም። ከሞት አፋፍ ከወጡ በኋላ መኖርን የሚፈሩ ሰዎችን ብዙ አይቷል። እነዚህ ሠላሳዎቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለምን እንዳልሞቱ ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ለማንም አይጠቅምም።

ተነሥቶ እንዲመልስ ታዘዘ። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። እውነቱ ግን ምስክር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የምትጠራው ልጁ ነች። ትናገራለች፤ እንደምትናገር ያውቃል፤ ከባሕር ወዲህ ዓይኗ ተለውጧል። ከተናገረች ደግሞ ካድሬውን ውሸታም ያለች፣ የኮብላይ ልጅ ትሆናለች።

«ኮብልለሃል ወይስ አልኮበለልክም?»

«ኮብልያለሁ።»

«ለምን?»

«ጅቡቲ ጥሩ አገር ነው» አለ ሣህሉ። «ነፋሻ ነው።»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ክፍሉ ግን ቃል በቃል ጻፈው።

አራት ወር በቀበሌ እስር ቤት እንዲቆይ፣ ከእንግዲህም ከለገሀር ባቡር እንዳይሳፈር ተወሰነ። የምስክሮቹ ወረቀት ዞረ። አንድ በአንድ ፈረሙ። ጎረምሶቹ በትልቁ ፈረሙ። ዓብዱልአዚዝ ሳያይ ፈረመ። ዚነት እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ አንገቷን ወደ ኋላ ስባ ፈረመች። በመጨረሻ ወረቀቱ በለጠች ጋ ደረሰ። ብዕሩን ይዛ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ሣህሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እሷን ቢያይ ዓይኑ ሌላ ነገር እንዳይነግራት ፈርቶ ነው። የብዕሩን ጭረት ሰማ። ተነፈሰ።

የቀበሌ ጠባቂዎቹ ይዘውት ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጠባቂዎቹ የሠፈር ሰዎች ናቸው፤ ሲጋራ ለማቀጣጠል ትንሽ ዘወር አሉ።

«ፈረምኩብህ፣ አባዬ» አለችው። «በገዛ እጄ።»

«ሰማሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ሣህሉ ከላይ እስከ ታች አያት። ጉንጯ ላይ ፀሐይ የላጠው ቆዳ ገና አልዳነም። ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው።

«በሕይወት ያለሽ» አላት። «የሞተ ሰው አይፈርምም።»

 ኮፍያውን አስተካክሎ ጠባቂዎቹን እንሂድ አላቸው። ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ቆም ብሎ፣ ሳይዞር፣ እናትሽ ብቻዋን ነች፣ ቶሎ ግቢ አላት። በለጠችም ወደ ቤት ሄደች።